ኩበትም ባዮፊውል ነው፤ የምድጃና የማሳ ሽሚያ ከሉማሜ ሲታይ

የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀንን ያለፈ መንገደኛ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ግራ ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ሉማሜ የምትገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ከደጀን ተገንጥሎ ሌላ አቅጣጫ ቢይዝም የሚያቋርጠው ያንኑ ጤፍ አብቃይ አገር ነው። አዲስ አበባ «የጎጃም ጤፍ» እያለች የምትገዛው እህል ከዚህ አካባቢም ተጭኖ ይሄድላታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ለመንገደኛ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በገበያ ቀን ሉማሜ ላይ አረፍ ብዬ ነበር። ዓይኔን የሳበው ጤፉ አልነበረም። ገበያው ዳር ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት ኩበት ተደርድሯል። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ አንዲት ሴት ዘንድ ቀርቤ፣ «እማማ፣ ይህን ሸጠው ምን ይገዙበታል?» አልኳቸው። የሞኝ ጥያቄ እንደ ተጠየቀ ሰው ሳቅ ብለው፣ «ምን እገዛበታለሁ ልጄ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ ነዋ!» አሉኝ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይህንኑ ሳሰላስል ሄድኩ። ከብቶቻቸው የሰጧቸውን ማዳበሪያ ለእሳት ይሸጣሉ፤ በዋጋው ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣውን ማዳበሪያ ዕዳ ይከፍላሉ። በ2000 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ በዓለም ሁሉ ሲንር «ባዮፊውል የድሃውን እህል እየበላ ነው» የሚል ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ያኔ እኔም በጉዳዩ ላይ ጥቂት ጫጭሬያለሁ፤ አብዛኛው ስለ አሜሪካ በቆሎ ነበር። ዛሬ ሳስበው ነገሩን የያዝነው ከሩቁ ጫፍ ነው። ቅርቡ ጫፍ ሉማሜ ገበያ ላይ ነበር።

ለመሆኑ ባዮፊውል ምንድን ነው?

ቃሉ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው መኪና የሚጠጣውን ነው። ከሸንኮራ አገዳ፣ ከበቆሎና ከሌላም እህል የሚወጣው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል፤ ከፓልም፣ ከአኩሪ አተር፣ ከጉሎና ከጃትሮፋ ዘይት የሚሠራው ባዮዲዝል ደግሞ ከናፍጣ ጋር። ኢታኖል የሚሠራበት ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስኳር ወይም ስታርች ያለውን ነገር ማብላላት፣ ከዚያ ማፍላትና እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መሰብሰብ ነው። ከዳጉሳ አረቄ የምታወጣ የጎጃም ሴት ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ልዩነቱ እሷ የምታወጣውን የሚጠጣው መኪና አለመሆኑ ብቻ ነው።

የቃሉ ትርጉም ግን ከዚህ ይሰፋል። በቅርብ ጊዜ ሕይወት ከነበረው ነገር፣ ማለትም ከዕፅዋትና ከእንስሳ የሚገኝ ነዳጅ ሁሉ ባዮፊውል ነው። እንጨት፣ ከሰል፣ ገለባ፣ ኩበት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ስሌት ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ የባዮፊውል ተጠቃሚዎች አንዷ ናት፤ ከ10 ቤተሰብ 9 ያህሉ ምግቡን የሚያበስለው በእነዚሁ ነውና። በስትራቴጂ ሰነዶቻችን ላይ ግን ቃሉ ሲጻፍ ትዝ የሚለው ቤንዚን ማደያው ነው።

የበቆሎው ክርክር

የሩቁን ጫፍ በአጭሩ እናንሣው፤ ጨርሶ የማይመለከተን አይደለምና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ቀጥሎም በ2007 ባወጣቻቸው ሕጎች የነዳጅ ኩባንያዎች በየዓመቱ እየጨመረ የሚሄድ መጠን ባዮፊውል እንዲቀላቅሉ አስገደደች። የ2007ቱ ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ መጠኑን 36 ቢሊዮን ጋሎን ለማድረስ ያለመ ነበር። ውሎ አድሮ ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 40 በመቶ ገደማ ወደ ኢታኖል ፋብሪካ መግባት ጀመረ። እርግጥ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የኢታኖሉ አተላ ሆኖ ለከብት መኖነት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 የሜክሲኮ ሕዝብ የቶርቲያ ቂጣ ተወደደብኝ ብሎ አደባባይ ወጣ። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ የመንግሥታት መሪዎች ሮም ላይ ተሰብስበው በዚሁ ጉዳይ ተከራከሩ።

በዚያው ዓመት ዶናልድ ሚቸል የተባለው የዓለም ባንክ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንድ ጥናት አወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2002 መጀመሪያ እስከ 2008 አጋማሽ ድረስ ለታየው የምግብ ሸቀጦች ዋጋ ጭማሪ ከ70 እስከ 75 በመቶ ያህሉን ለባዮፊውልና እሱ ላስከተላቸው ነገሮች ሰጠ። የተከተሉት ነገሮች የሚላቸው የእህል ክምችት መመናመን፣ የእርሻ መሬት ወደ በቆሎ መዞር፣ የነጋዴ ግምታዊ ግዢና የአገሮች የወጪ ንግድ እገዳ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች በበኩላቸው ድርሻው 3 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው አሉ። በ3 እና በ75 መካከል ያለው ርቀት የሚያሳየው የስሌቱን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን የሚያወራርደው ማን እንደሆነ ጭምር ነው። እኔን የሚያሳምነኝ የአሠራሩ አመክንዮ ነው። በቆሎ ነዳጅ መሆን ከቻለ የበቆሎ ዋጋ በድፍድፍ ዘይት ዋጋ ይታሰራል። የበቆሎ ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ከስንዴና ከአኩሪ አተር መሬት ይቀንሳል፤ እነዚያም ይወደዳሉ።

ይህ ማዕበል ሉማሜ ደርሶ ነበርን? በጤፍ በኩል እምብዛም። ጤፍ በቺካጎ ገበያ አይሸጥም፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም እህሉ ወደ ውጭ እንዳይላክ ታግዶ ነበር። የእኛ የእህል ዋጋ መናር የጀመረው የዓለሙ ሳይጀምር፣ ምርት ጥሩ ነው በሚባልባቸው ዓመታት ነው። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ግሽበቱ ከ60 በመቶ አልፎ ሲገኝ አንዱ ነጋዴውን፣ ሌላው እህሉን ያቆየውን ገበሬ ከሰሰ። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ደግሞ በገበያው ውስጥ የተረጨውን ገንዘብና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱን ጠቆሙ። አገር ውስጥ ያለው ስንዴ ከውጭ ከሚገባው በልጦ ተወዶ ሳለ ነጋዴው ዶላር አጥቶ ማስገባት አልቻለም። መንግሥት ራሱ ስንዴ ገዝቶ በየቀበሌው ያከፋፈለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወረፋውን የተሰለፈ ያውቀዋል።

በቀጥታ ያገኘን ጤፍ ሳይሆን ዘይት ነው። የከተማው ሰው ጓዳ ውስጥ ያለው የፓልም ዘይት የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። ኢንዶኔዥያ በናፍጣዋ ውስጥ የምትቀላቅለውን የፓልም ባዮዲዝል ከዓመት ዓመት ስታሳድግ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2025 ድርሻውን 40 በመቶ አድርሳለች። የጃካርታ የጭነት መኪና በጠጣው ልክ ለዓለም ምጣድና ድስት የሚተርፈው ያንሳል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይቱን ንግድ ሲያውክ፣ ኢንዶኔዥያም በሚያዝያ ወር ላይ ለጥቂት ሳምንታት ፓልም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል፣ አዲስ አበባ ላይ 5 ሊትር ዘይት 1 ሺሕ ብር ገደማ ሲሸጥ አይተናል። ጎጃም የኑግ አገር ናት። በደብረ ማርቆስና በቡሬ ግዙፍ የዘይት ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ግን የአገሩ ኑግና ሰሊጥ አልበቃ ብሏቸው፣ ለውጭ ጥሬ ዕቃ ደግሞ ምንዛሪ አጥተው ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ኖረዋል።

«ጠፍ መሬት» የሚባል ነገር

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007፣ ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ወር፣ የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። ለባዮዲዝል ተክሎች የሚስማማ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር፣ ለሸንኮራ አገዳ ደግሞ 700 ሺሕ ሄክታር ያህል መሬት አለን ይላል። የምግብ ዋስትናውን ጥያቄ የመለሰውም በአንድ ሐሳብ ነው፤ ተክሉ የሚለማው ለእህል በማይሆን መሬት ላይ ነው የሚል።

ለሕግ ሰው ይህ ሐሳብ ያሳክከዋል። ለእህል የማይሆን መሬት ማለት ባለቤት የሌለው መሬት ማለት አይደለም። በወረቀት ላይ «ጠፍ» የተባለው መሬት በአብዛኛው የወል ግጦሽ ነው፤ የማገዶ መልቀሚያ፣ የንብ ቀፎ መስቀያ፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የከብት መሸሸጊያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለገበሬውም ለአርብቶ አደሩም ከመሬቱ ያለመነቀል መብት ሰጥቷል። ሆኖም በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 እስኪተካ ድረስ፣ የወል መሬት እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ ይችላል ይል ነበር። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ቃል በሕግ ውስጥ ሲገባ በር ነው፤ ማን እንደሚገባበት የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ነው።

በሩን ማን እንደገባበት ታየ። ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ መሬት ተሰጥቶት ለጉሎ ሲመነጥር፣ የተመነጠረው መሬት በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ሆኖ ተገኘና የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ጮኹ። በወላይታ ደግሞ ግሎባል ኢነርጂ ኢትዮጵያ ከገበሬዎች ጋር ውል ተዋውሎ ጉሎ አስዘራ። ማሳው ጠባብ የሆነ የወላይታ ገበሬ ለጉሎ የሚሰጠው ትርፍ መሬት ከየት ያመጣል? ከበቆሎውና ከስኳር ድንቹ ነው የቀነሰው። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲከዳ ጉሎ እንደማይበላ ያልነገሩት ሰው አልነበረም፤ ፍሬው መርዛም መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅም የለም። ግን ውሉን የፈረመው ዝናብ ይመጣል ብሎ ነው።

ጃትሮፋውስ? «በድርቅ መሬት ላይ ያለ ውኃ ያፈራል» የተባለው ተክል በድርቅ መሬት ላይ በሕይወት መቆየቱን እንጂ የሚያዋጣ ፍሬ መስጠቱን ማሳየት አልቻለም። ፍሬ እንዲሰጥ እንደ ማንኛውም ሰብል ውኃና ማዳበሪያ ይፈልጋል። የብሪታንያው ቢፒ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዲዋን ኦይልስ ጋር የጀመረውን የጃትሮፋ ሽርክና ትቶ ወጣ። የእኛዎቹም ብዙዎቹ በዚያው ሰሞን ድምፃቸው ጠፋ።

ከመርሐ ግብሩ ሁሉ ለቁም ነገር የበቃው ኢታኖሉ ነው። ከአባይ ማዶ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ፣ በኋላም መተሐራ፣ ኢታኖል የሚያወጡት ስኳሩ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ሞላሰስ ነው። እህል አይነካም፤ ስኳሩንም አይቀንስም። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። እዚህ ላይ ነገሩን የማደንቀውን ያህል አንድ ቅሬታ አለኝ። ከዚያ በፊት ጋያ የተባለው ድርጅት ይህንኑ የፊንጫ ኢታኖል ለማብሰያ ምድጃ አውሎት ነበር። ጅግጅጋ አቅራቢያ በሚገኘው የቀብሪ በያህ የስደተኞች ጣቢያ ሴቶች እንጨት ፍለጋ በረሃ ለበረሃ መንከራተትና እዚያ የሚጠብቃቸው ጥቃት ቀርቶላቸው በኢታኖል ሲያበስሉ ነበር። ቅልቅሉ ሲመጣ ለምድጃ የሚተርፈው አነሰ። መኪናና ድስት ለአንድ ሊትር ሲጣሉ ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም።

ያ ምርጫ ዛሬ እንደገና ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። መኪናው ገመድ ካገኘ፣ ኢታኖሉ ለድስቱ ቢመለስ የሚጎዳው ማን ነው?

የደጋው ባዮፊውል

አሁን ወደ ሉማሜዋ እናት ልመለስ። ኬኔት ኒውኮምብ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ባንክ ስለ ኢትዮጵያ ባዘጋጀው ጥናት የእሳቸውን ታሪክ ደረጃ በደረጃ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ከሚበቅለው እንጨት የሚቆረጠው ይበልጣል፤ ኩበቱና ገለባው ግን ገና ለማሳው ይተርፋሉ። ቀጥሎ ገበሬው እንጨቱን ለከተማ እየሸጠ እቤቱ ኩበት ማንደድ ይጀምራል። ከዚያ እንጨቱ ሲመናመን ኩበቱ ራሱ ገበያ ይወጣል። በመጨረሻ አፈሩ ይደክማል፣ ምርት ያንሳል፣ ገለባ ሲያንስ ከብቱ ይከሳል፣ ከብቱ ሲከሳ ኩበቱም ይጠፋል። ጥናቱ የተጻፈው በ77ቱ ረሃብ ዋዜማ መሆኑን ሳስታውስ ገጾቹን ቀዝቀዝ ብዬ ማንበብ ያቅተኛል።

ኩበት ሲነድ ምን ይሆናል? በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱ ግን የሚደፋው ደጅ ላይ ወይም ጓሮ ለጎመኑ ነው፤ ጤፉ ያለበት ሩቅ ማሳ አይደርስም። ለዚህ ነው በደጋው አገር የጓሮ መሬት ጥቁርና ለም፣ የሩቁ ማሳ ደግሞ የነጣ የሚሆነው። አፈሩን አለስልሶ ውኃ የሚያቆየው ብስባሽ ነገርም አብሮ ይነዳል፤ ይህን ደግሞ ዩሪያ አይተካውም።

ለናይትሮጅኑ ምትክ የሚገዛው ዩሪያ ነው። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በጆንያ የታሰረ ጋዝ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ኩበት ባነደድን ቁጥር የጤፉን ዋጋ ከዓለም የጋዝ ገበያ ጋር እያሰርነው ነው። ጤፍ በቺካጎ አይሸጥም ብዬ ነበር፤ ማዳበሪያው ግን በዓለም ገበያ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል 2022 ድረስ የዓለም የዩሪያ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ማዳበሪያው በገንዘብም አልገኝ ብሎ ገበሬዎች ለአቤቱታ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄዱ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ከ10 ሺሕ ብር አልፎ ተሸጠ። ለዋጋው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩበት፤ ጦርነት፣ ኬላ፣ የመንገድ መዘጋት። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ጤፍ የጫነ ኤን ትሬ ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን ለመውጣት የሚያቃጥለው ናፍጣም በእንጀራው ላይ ተጨምሯል።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራርሟል፤ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ ይመጣል ተብሏል። ከተሳካ ትልቅ ነገር ነው። ዩሪያው አገር ውስጥ ተመረተ ማለት ግን ኩበቱ ከእሳት ዳነ ማለት አይደለም።

ሌላው የደጋው ባዮፊውል ዛፉ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አተረፋት፤ ውለታው አይካድም። ዳገቱና ቦረቦሩ ላይ ሲተከል ኩበቱን ከእሳት ያስጥላል። ዛሬ በጎጃም የምናየው ግን ባሕር ዛፉ ወደ እርሻው ወርዶ የአጎራባቹን ጤፍ ውኃና ፀሐይ ሲሻማ ነው። ገበሬውን አልፈርድበትም። ባሕር ዛፍ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ በሬና ጉልበት አይፈልግም፣ ቸገረኝ ባለ ቀን ተቆርጦ ይሸጣል።

በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ የሆነው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያስተምረኛል። ገበሬዎቹ የእህል ማሳቸውን ሰፊ ክፍል «ዲከረንስ» ለሚሉት የግራር ዘር ሰጡት። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ከሰል ሆኖ ወደ ከተሞች ይጫናል። ከዚያ ማሳው እንደገና ይታረሳል። ለነዳጅ ብሎ የእህል መሬት መስጠት ማለት በትክክል ይህ ነው፤ ፈረንጆቹ በበቆሎ የተጨቃጨቁበት ኃጢአት። ነገር ግን ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር ስቦ ለአፈሩ የሚሰጥ ዛፍ ነው። አሲዳማና የተራቆተ የነበረው መሬት አገግሟል፣ የቤተሰቡም ገቢ ከፍ ብሏል። ባለፉት ዓመታት በዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ መድረቁ፣ ወረዳ ሙሉ በአንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ቢያሳይም፣ አሠራሩን ከኩበቱ ጋር ሳስተያየው ከወርቁ ይልቅ ሚዛኑን አገኘሁ እላለሁ። ባዮፊውል እህልን ይሻማል ወይስ አይሻማም ብሎ ከመጠየቅ በፊት ነዳጁ ከወጣበት አፈር የወሰደውን ይመልሳል ወይ ማለት ይሻላል። ሞላሰስ ይመልሳል ባይባል እንኳ አዲስ ነገር አይወስድም። ዲከረንስ ወስዶ ይመልሳል። ጉሎው ከወላይታ ማሳ ወሰደ፣ የመለሰው የለም። ኩበት ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሚወስደው ራሱን መላሹን ነውና።

ሕጉ ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። የ1997ቱ አዋጅ በአንቀጽ 10 ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ ጥሎበት፣ መሬቱ ከተጎዳ የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ ደንግጎ ነበር። በዚህ ቃል ብንሄድ ኩበት የሸጠ ሁሉ ተከሳሽ ነው። አንድም ሰው በዚህ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ደግ ሆነ። ሌላ የሚነድ ነገር ያልሰጡትን ሰው በማንደዱ መቅጣት ፍርድ አይሆንም።

ታዲያ ሌላ የሚነድ ነገር ምን አለ? በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በመጀመሪያው ዙር 14 ሺሕ የባዮጋዝ ጉድጓድ ሊሠራ አስቦ ከ8 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ሠራ። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። እበቱ ጉድጓድ ገብቶ ጋዙ ይነዳል፤ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ማሳ ይገባል፤ እሳትም ማዳበሪያም ከአንድ እበት ይገኛል ማለት ነው። ችግሩ የሚፈልገው ነው፤ አራት ያህል ከብት፣ ቅርብ ውኃ፣ ሲሚንቶ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ። ከዚህም ሌላ ነበልባሉ ወጥና ቡና ሲያፈላ ምጣድ ላይ ይደክማል። የእኛን ማገዶ የሚጨርሰው ደግሞ ከግማሽ በላዩ እንጀራ መጋገር ነው። በሲሚንቶ ዙሪያውን የተከበበው «ምርጥ ምድጃ» ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ እንደ ባዮጋዙ አያስወራም እንጂ በሄደበት ሁሉ የሠራው ሥራ ይህ ነው።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ አለ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ደጀን ሥር የሚያልፈው አባይ ነው ጉባ ላይ ተርባይን የሚያዞረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በአንድ ቀበሌ 200 ምጣድ በአንድ ጠዋት ቢጣድ 700 ኪሎ ዋት ነው። ለአምፖልና ለሞባይል ቻርጅ ተብሎ የተዘረጋ የገጠር መስመር ይህን አይሸከምም። ስለዚህ መብራት ገባ በተባለበት ገጠር ሁሉ ምጣዱ አሁንም ኩበት ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ሲተከል ለምጣድ ታስቦ ካልተተከለ የግድቡ ኃይል ከሉማሜ በላይ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል እንጂ አዋበል ጓዳ አይገባም።

የዚያን ዕለት ከእኒያ እናት ኩበቱን የገዛቻቸው ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ያላት ሴት ነበረች። ምሳዬን እዚያው በላሁ። ጓዳዋ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። «ታዲያ ኩበቱ ለምንሽ ነው እኅቴ?» ብላት፣ «መብራት ለሚሄድበት ቀን ነዋ ጋሼ» አለችኝ። ክምሩ ከጓዳው ጀርባ እስከ ጣሪያው ጫፍ ደርሷል።